የእጅ ሙያ ትምህርት ውጤት በምን ይለካል?

(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለአሳዳጊዎቻቸውና ለመምህራን ከቀረበ ንግግር)





የተከበራችሁ አሳዳጊዎችና መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

በየዓመቱ መጨረሻ የተማሪዎች ውጤት ሲነገር በቅድሚያ የሚነሣው የሒሳብ፣ የእንግሊዝኛና የፊዚክስ ነጥብ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ከካርዱ ግርጌ ስለሚቀመጥ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ስለማይጻፍ ሌላ ውጤት ልናነጋግራችሁ እንወዳለን። ይኸውም ተማሪዎች በእጃቸው እየሠሩ በሚማሩት በቴክኖሎጂና በምግብ ዝግጅት ትምህርት የሚያስመዘግቡት ውጤት ነው። ሐሳባችንን በአጭሩ ለማስቀመጥ ያህል፣ በእነዚህ ትምህርቶች የተማሪው እውነተኛ ውጤት ለዕይታ የሚቀርበው ዕቃ ወይም የሚቀመሰው ምግብ ብቻ አይደለም። ሥራው ሲበላሽበት ምክንያቱን መርምሮ ማግኘቱ፣ አስተካክሎም ሌላውን ሰው መጥቀሙ ነው።

ጉዳዩን አንገብጋቢ የሚያደርገው ነገር አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲደረግ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ፈተና ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ የሚያስደስት ቢሆንም ከመቶ ተማሪዎች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኙ ቀርተዋል። እነዚህ ወጣቶች አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው ወደ ቤት ሲመለሱ በእጃቸው ምን ይዘው ይመለሳሉ? ዘመድ ጋ ተጠግቶ ለሚኖር የቲም ልጅ ደግሞ ጥያቄው የነገ ሳይሆን የዛሬ ማታ ጥያቄ ነው።

የቴክኖሎጂ ትምህርት ምን እንደሚያስገኝ ለመረዳት ሁላችንም የምናውቀውን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንመልከት። ተማሪው በፊዚክስ ክፍል የኤሌክትሪክ ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት መሆኑን ይማራል። ቀመሩን በቃሉ ይዞ በፈተና ላይ ሊመልሰው ይችላል። በተግባር ትምህርት ግን በምጣዱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፈልጎ ያነባል። ምጣዱ 3300 ዋት የሚስብ ከሆነና የቤቱ መስመር 220 ቮልት ከሆነ፣ 3300ን ለ220 አካፍሎ 15 አምፔር እንደሚያስፈልገው ያገኛል። ከዚያም ምጣዱ የተሰካበትን ዲቫይደር ገልብጦ ሲያይ 10 አምፔር የሚል ጽሑፍ ቢያገኝ አደጋውን ወዲያው ይገነዘባል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ገመድ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ከዚያም እሳት ሊነሣ ይችላል። ይህንን አስልቶ «ለምጣዱ ብቻ የሚሆን መስመርና በልኩ የተመረጠ ብሬከር ያስፈልጋል» ብሎ ለቤተሰቡ የሚያስረዳ ተማሪ ቤት ከመቃጠል አድኗል። እንዲህ ያለውን ውጤት በየትኛው የካርድ መስመር ላይ እንጽፈዋለን?

ብልሽት መፈለግም እንዲሁ ትልቅ ትምህርት ነው። በክፍል ውስጥ በባትሪ ድንጋይ፣ በትንሽ አምፖልና በሽቦ የተሠራ መስመር አልበራም እንበል። ያልሠለጠነ ሰው ሁሉንም ነቅሎ እንደገና ይጀምራል። የሠለጠነ ተማሪ ግን በቅደም ተከተል ይጠይቃል። ባትሪው ኃይል አለው? አምፖሉ አልተቃጠለም? ሽቦው በትክክል ተያይዟል? ማብሪያው ይነካል? አንዱን ባረጋገጠ ቁጥር የጥርጣሬው ክልል ይጠባል። ወደ ቤት መስመር የሚሸጋገረውም በባለሙያ ተቆጣጣሪነትና ብሬከሩ ከወረደ በኋላ ብቻ ነው። ትዕግሥትና ጥንቃቄ በዚህ ትምህርት ውስጥ እንደ ፒንሳና እንደ ካቻቢቴ የሥራ መሣሪያዎች ናቸው።

ወደ ምግብ ዝግጅት ስንመጣ አንዳንድ ሰዎች «ይህ ከቤት የሚለመድ ነው፤ ትምህርት ቤት ምን ያስኬዳል?» ይላሉ። መልሳችን ከሊጡ ይጀምራል። የጤፍ ሊጥ የሚቦካው በእርሾው ውስጥ ባሉ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አማካይነት ነው። እነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት የዱቄቱን ስኳር ሲመገቡ አሲድና ጋዝ ይፈጥራሉ። ቅዝቃዜ ሥራቸውን ስለሚያዘገይ በደጋ አገር ሊጡ ለመቡካት ይዘገያል። ከሊጡ ጥቂት ወስደን በፈላ ውኃ አብስለን የምንመልሰው አብሲትም ሊጡ እንዲወፍርና እንዲያያዝ ያደርጋል። ሊጡ በጋለው ምጣድ ላይ ሲፈስ ጋዙ ወደ ላይ እየወጣ የእንጀራውን ዓይን ይሠራል።

እናቶቻችን ይህንን ሁሉ በልምድ ያውቁታል። ተማሪዋ የምትጨምረው ነገር መዝግቦ መፈተንን ነው። እንጀራዋ ዓይን ባያወጣ የእርሾውን መጠን፣ የቡካቱን ጊዜ፣ የሊጡን ቅጥነትና የምጣዱን ግለት በደብተሯ ታሰፍራለች። በሚቀጥለው ጋገራ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ትታ አንዱን ብቻ ትለውጣለች። በዚህ መንገድ በሁለትና በሦስት ጋገራ ምክንያቱን ስታገኝ የሳይንስ ሙከራ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በተሻለ ገብቷታል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ጤና ነው። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ የመብላት ልማዳችን በሥነ ምግብ ረገድ ታላቅ ጥበብ አለው። እህል የሚያንሰውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ይሞላለታል፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውንም እህል ይሞላለታል። ቃሪያና ሎሚ በምግቡ ላይ ሲጨመሩ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። በአንጻሩ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ይህንኑ ይቀንሳል። በተለይ ለደም ማነስ ለሚጋለጡ ልጃገረዶች ይህ እውቀት ምንም ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረውም የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ሊቀመጥ አይገባም፤ ጎጂ ተህዋስያን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ በፍጥነት ይራባሉና። ይህንን የምታውቅ እህት ለታናናሾቿ ያደረውን ወጥ እስኪንተከተክ ድረስ አሙቃ ታቀርባለች።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

የሌሎች አገሮች ልምድም የሚያስተምረን ነገር አለ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1866 የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ አስገዳጅ ትምህርት አድርጋለች። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ተማሪዎች እስከ 14 ዓመታቸው ምግብ ማብሰል እንዲማሩ ያዛል። በጃፓን ደግሞ የቴክኖሎጂና የቤት አያያዝ ትምህርት በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ አንድ ላይ የሚሰጥ የትምህርት ዓይነት ነው። ቀደም ሲል ወንዶች ቴክኖሎጂውን፣ ሴቶች የቤት አያያዙን ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ግን ሁለቱም ሁለቱንም እንዲማሩ ተደርጓል።

በዚያው አገር የእነዚህ ትምህርቶች መምህራን ማኅበር ለተማሪዎች ከሚያዘጋጃቸው ውድድሮች መካከል አንዱ የሮቦት ሥራ ሲሆን፣ ሌላው የምሳ ዕቃ ዝግጅት ነው። የዚህ የኋለኛው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለአንተ የተዘጋጀ ምሳ» እንደማለት ነው። በስሙ ውስጥ ያለውን ትምህርት ልብ እንበል። «ለማን ነው የምሠራው?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ጥርስ ለሌላቸው አያት፣ ስኳር በሽታ ላለባቸው አጎት፣ ከትምህርት ቤት ተርቦ ለሚመጣ ታናሽ ወንድም የሚዘጋጀው ምግብ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። በርጩማ የሚሠራ ተማሪም እንዲሁ ነው። ቁመቱን የሚለካው ከሚቀመጥበት ሰው ጉልበት ተነሥቶ ነው።

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ወጥ ቤት መግባቱን፣ ሴት ልጅም መዶሻ መያዟን እንደ ነውር የሚያዩ አሉ። ይህ አመለካከት ከሃይማኖታችን የመጣ አይደለም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ፣ በቤት ውስጥ ሥራም ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ተዘግቧል። ነብዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) የብረት ጥሩር እየሠሩ ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ ነበር። ነብዩ ዘከሪያም (ዐ.ሰ.) አናጢ ነበሩ። እንግዲያውስ የእጅ ሥራን የሰነፍ ተማሪ መጠጊያ አድርጎ ማየት ከየት መጣ?

ልጅ ሙያን የሚለምደው በአብዛኛው ከወላጁ ጎን ቆሞ እያየ ነው። አባት በሩን ሲጠግን ልጁ ሚስማር ያቀብላል፤ እናት ስትጋግር ልጅቷ ታያለች። የቲም ልጅ ያጣው ይህንንም ጭምር ነው። የገንዘብ ድጋፉ ቀለብና ደብተር ይሸፍናል፤ ከጎን ቆሞ የማየቱን ዕድል ግን ሊተካ የሚችለው የሚያሳይ ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ልጅ የተግባር ክፍሉ መምህር ከቀለም መምህርነት በላይ ነው። ታናናሾቿን አብስላ የምታበላ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በክፍሏ ሠላሳኛ ብትወጣ፣ ለረጂዋ የሚላከው ወረቀት «ሠላሳኛ» የሚል ቃል ብቻ ከያዘ፣ የልጅቷ ግማሽ ማንነት ሳይነገር ቀርቷል።

ስለሆነም የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ለውይይት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የሥራ ደብተር ይኑረው። ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተበላሸበትና እንዴት እንዳስተካከለው በራሱ ቃል ይጻፍበት። ከፈተና ውጤቱ ጋር የዚህ ደብተር አንድ ገጽ ለረጂው ይላክ።

ሁለተኛ፣ መሣሪያ ይሟላ። ሜትር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተርና ባትሪ ድንጋይ፤ እንዲሁም ሚዛን፣ መክተፊያ፣ ቢላዋና ድስት ለመጀመር ይበቃሉ። መሣሪያ በማጣት ምክንያት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚቀር የተግባር ትምህርት ስሙን አያገኝም።

ሦስተኛ፣ ወንዶችም ሴቶችም በሁለቱም ትምህርቶች ይሳተፉ።

አራተኛ፣ አሳዳጊዎች ለልጁ ጊዜና ፈቃድ ይስጡት። በወር አንድ ቀን የቤቱን ምግብ ያብስል፤ የተነቀለውን ማጠፊያ ይግጠም። የመጀመሪያው ወጥ ቢያርር፣ የመጀመሪያው ማጠፊያ ቢጣመም አትቆጡት። ለምን እንዳረረና ለምን እንደተጣመመ ግን ጠይቁት። የትምህርቱ ፍሬ ያለው በዚህ ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። ይህንን ስንል ልጆችን ከቀለም ትምህርት አውጥተን ለጉልበት ሥራ እንስጣቸው ማለታችን አይደለም። ምጣዱን ያሰላው ተማሪ ያለ ሒሳብ ሊያሰላው አይችልም ነበር። እጅና አእምሮ አብረው እንዲማሩ ነው የምንጠይቀው።

ውድ ተማሪዎች፣ ለእናንተም አንድ አደራ አለን። ሠርታችሁ የተሳካላችሁን ነገር ለታናሾቻችሁ አሳዩ። ከጎናችሁ ቆሞ የሚያይ ልጅ አይታጣም።

አላህ (ሱ.ወ.) እውቀታችሁን ጠቃሚ፣ የእጃችሁን ሥራ የተባረከ ያድርግላችሁ። የቲሞችን የሚደግፉ እጆችንም ይባርክ። አሚን።