ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሽረው ማን ነው?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተማሪዎች የተደረገ ንግግር



እኛ የደባርቅና የዳባት ተማሪዎች ስለ አገር አስተዳደር ስንከራከር ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያቆመናል። ይኸውም አገር ፕሬዚዳንትም ጠቅላይ ሚኒስትርም ሲኖራት አዛዡ የትኛው ነው? የሚል ነው። የማዕረጉን ስም ትተን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማን ይሾማል፣ ማንስ ይሽራል ብሎ መጠየቅ ይሻላል እንላለን።

ሁለቱ በእውነት ሥልጣን የሚካፈሉበት አገዛዝ ከፊል ፕሬዚዳንታዊ ይባላል። የታወቀችው ምሳሌ ፈረንሳይ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በጄኔራል ደጎል ዘመን በወጣው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሾማሉ፤ ምክር ቤቱ ደግሞ እምነት ከነሣው መንግሥቱ ይወድቃል። ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ ሕዝቡ እንዲመርጥ የተወሰነው በ1962 ነው። እንግዲህ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁለት ጌታ አለበት። በ1986 ተቃዋሚዎች በምክር ቤቱ ባየሉ ጊዜ፣ ሶሻሊስቱ ፕሬዚዳንት ሚተራን ተቀናቃኛቸውን ዣክ ሺራክን ሾመው ሁለት ዓመት አብረው ሠሩ። በ2024ም ምክር ቤቱ የሚሼል ባርኒዬን መንግሥት ሲጥል፣ ፕሬዚዳንት ማክሮን በወንበራቸው ቆይተዋል።

በአገራችንስ? በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን መሾምና መሻር የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልደረቦቻቸውን እንዲመርጡ የተፈቀደውም በ1958 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ እንደራሴዎችን ይመርጥ ነበር፤ ዳሩ ግን እንደራሴው እምነት የለኝም ብሎ መንግሥቱን ሊጥል አይችልም። ስለዚህ በ1962 ዓ.ም. ከደጃችን ያለው የሰሜን ተራሮች ፓርክ በትእዛዝ ሲቋቋም፣ በተራራው ላይ ገብስ የሚዘራው ገበሬ የመረጠው ሰው ሚኒስትሩን የሚይዝበት ልጓም አልነበረውም።

በ1980 ዓ.ም. የቆመው የሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ መንግሥት ፕሬዚዳንትም ጠቅላይ ሚኒስትርም ስለ ነበረው በወረቀት ከፈረንሳይ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የኢሠፓ ዋና ጸሐፊም ስለ ነበሩ፣ ሁለተኛው ጌታ ሸንጎው በስም ብቻ የቀረ ይመስለናል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሌላ መንገድ ያዘ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል፤ ተጠሪነቱም ለዚያው ምክር ቤት ነው። ይህ ፓርላማዊ እንጂ ከፊል ፕሬዚዳንታዊ አይደለም። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ዘመኑም ስድስት ዓመት ነው። ሕግ ሲወጣ ለፊርማ ይቀርብለታል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም ግን ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል።

እንግዲህ ከወላጆቻችን አንዱ ስለ መሬቱ ወይም ስለ መንገዱ ሚኒስትር እንዲጠየቅለት ቢፈልግ፣ ማመልከቻውን ወደ ቤተ መንግሥት ከመላኩ በፊት ራሱ ድምፅ የሰጠውን እንደራሴ ይፈልግ።