ቀለምን የሚያስረው ስኳር



ዛሬ የምንናገረው ስለ ስኳር ነው፤ ነገር ግን ሻይ ስለምናጣፍጥበት አይደለም። ብዙዎቻችሁ የለበሳችሁትን ጂንስ ሰማያዊ ያደረገው ኢንዲጎ የተባለው ቀለም ነው። ኢንዲጎ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሶዲየም ዳይቲዮናይት በሚባል ኬሚካል እንዲሟሟ ያደርጉታል፤ ክሩ ተነክሮ ሲወጣና አየር ሲያገኘው ወደ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። ኬሚካሉ ግን ቧንቧ ይበላል፤ ፍሳሹም ሳይጣራ ከተለቀቀ ወንዝ ይጎዳል።

የጃፓን ኢንዲጎ የሚባለው ተክል በሌላ መንገድ ይሄዳል። ኢንዲጎ የሚገኘው ኢንዶክሲል ከሚባል ነገር ነው፤ ይህም ከኦክሲጅን ጋር ከተገናኘ ሁለት ሁለቱ እየተጣመሩ ወዲያው ኢንዲጎ ይሆናሉ። እንዳይሆኑ ተክሉ በአንድ ኢንዛይም አማካይነት በኢንዶክሲሉ ላይ ግሉኮስ ያስርበታል። የታሰረው ኢንዲካን ይባላል፤ ቀለም የለውም፤ በውሃም ይሟሟል። ፈቺው ኢንዛይም የሚቀመጠው በሴሉ ሌላ ክፍል ነው። (ሣጥንና ቁልፍን ለየብቻ ማኖር ከባለ ሱቆች በፊት ተክል ያወቀው ብልሃት ነው!) ቅጠሉ ሲጨፈለቅ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ሰማያዊው ይወጣል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የአሳሪውን ኢንዛይም ጂን ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ አግብተው ኢንዲካን አሠሩት። ጨርቁ ላይ ስኳሩን በኢንዛይም ሲፈቱት፣ ያለ ዳይቲዮናይት ጥጡ ሰማያዊ ሆነ። በ2024 ደግሞ የዴንማርክ ተመራማሪዎች በብርሃንም መፍታት እንደሚቻል አሳዩ።

እንግዲህ ነገሩ አለቀ የሚል ቢኖር እኛ አንስማማም። ኢንዛይሙ ተራ ግሉኮስ አይቀበልም፤ ዩዲፒ በሚባል ሞለኪውል የተጫነውን ይሻል፤ ያም ውድ ነው። እርግጥ ሱክሮስ ሲንቴስ የሚባል ሌላ የተክል ኢንዛይም ከሸንኮራ ስኳር ግሉኮሱን ወስዶ ባዶውን ዩዲፒ እንደገና ይጭነዋል፤ ያው ዩዲፒ እንደ ጭነት አህያ ይመላለሳል።

የስኳሩ ሒሳብ ግን ይቀራል። ለአንድ ኢንዲጎ ሁለት ኢንዶክሲል ስለሚያስፈልግ፣ 262 ግራም ኢንዲጎ ሲወጣ 360 ግራም ግሉኮስ ይፈታል። ከቀለሙ ስኳሩ በለጠ ማለት ነው! ይህም ከእጥበቱ ጋር ወንዝ ቢገባ ተሐዋስያን እየበሉት የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ስለዚህ ግሉኮሱን ከእጥበቱ ውሃ ለቅሞ መልሶ ባክቴሪያውን መመገብ፣ በእኛ አስተያየት፣ ኢንዛይሙን ከማሻሻል ያላነሰ ሥራ ነው፤ ወጪውን በማስላት የኤኮኖሚክስ ተማሪዎችም ይርዱን።