የተጠማው ውሻ

ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እንድናጥብ ታዘናል። ብዙዎቻችን ግን ልጆቻችን የሰፈሩን ውሻ በድንጋይ ሲያሳድዱ ይህን ምክንያት አድርገን ዝም እንላለን። ሸሪዓ ዕቃውን እጠቡ አለን እንጂ እንስሳውን ደብድቡ አላለንም።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከጥማት የተነሣ እርጥብ አፈር ይልስ ለነበረ ውሻ፣ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ስላጠጣ ሰው ነግረውናል። አላህም ማረው። ያ ሰው የውሻውን ጥማት ያወቀው ራሱ ተጠምቶ ስለነበር ነው።

እኛም የውሻን ጠባይ እናስተውል። ጭራውን በእግሮቹ መሐል የወሸቀ ፈርቷል፤ የሚያጉረመርም «አትቅረቡኝ» ማለቱ ነው። ሲበላ ወይም ቡችሎች ስታጠባ አንጠጋ፤ ከፊቱም አንሩጥ፣ የሚሮጥ ነገር ማባረር ተፈጥሮው ነውና። ድንጋይ የለመደ ውሻ የተነሣ እጅ ሲያይ ከፍርሃት የተነሣ ሊነክስ ይችላል። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥበን፣ ሳንውል ሳናድር ለክትባት ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው።

ሌሊት በረታችንን ለሚጠብቅልን እንስሳ አንድ ጣሳ ውሃ አንንፈገው። አላህ ከአዛኞች ያድርገን። አሚን!