«ጓያ ሰበረው» ከመባሉ በፊት
የእግር ሽባነትን በምስል ምርመራ ስለ መለየት የተዘጋጀ ንግግር



እግሮቹ ደርቀው፣ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ፣ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው በፎገራ ወይም በደምቢያ ሲታይ፣ ጎረቤቱ ሐኪም ሳይጠይቅ «ጓያ ሰበረው» ይላል። ግምቱ መሠረት አለው። በድርቅ ዘመን ሌላው አዝመራ ሲከዳ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ይሆናል፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀው ኦዳፕ የተባለው መርዝም የላይኛውን የእንቅስቃሴ ነርቭ ይጎዳል።

ይኸው ሕመም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሲታይ ግን ጥያቄው ይለወጣል። እንሰትና በቆሎ በሚበላበት አገር፣ በሽተኛው ጓያ በሚበቅልበት ስፍራ የኖረ ካልሆነ በቀር፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባዋል።

የሕመሙ ታሪክ ብዙ ያስረዳል። የጓያ ሽባነት ባብዛኛው በድንገት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይመጣና ባለበት ይቆማል፤ እጅንና ምላስንም እምብዛም አይነካም። ኤ.ኤል.ኤስ. የተባለው ደዌ ግን ከወር ወደ ወር ይብሳል፤ ጡንቻን ያመነምናል፤ ንግግርንና መዋጥንም ያውካል። ፒ.ኤል.ኤስ. ደግሞ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ እግርን ያደርቃል።

ታዲያ የኤም.አር.አይ. ምስል ምን ይጨምራል? በኤ.ኤል.ኤስ. ከአንጎል ወደ ሕብለ ሠረሠር የሚወርደው የነርቭ መሥመር አንዳንድ ጊዜ ደምቆ ይታያል። በፒ.ኤል.ኤስ. እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ቅርፊት ሳስቶ ሊገኝ ይችላል። በጓያ የተለመደው ምስል ባብዛኛው ንጹሕ ነው። ሆኖም ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ንጹሕ ምስልም ከሦስቱ ሕመሞች አንዱን እንኳ ውድቅ አያደርግም።

የምስሉ ዋና አገልግሎት ሌላ ነው፤ ይኸውም ሊታከም የሚችለውን ማግኘት ነው። የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ወይም ዕጢ ሕብለ ሠረሠርን ሲጫን እግር እንዲሁ ይደርቃል። የጀርባ ሕመም፣ ሽንትን መቋጠር አለመቻል፣ ከደረት ወይም ከወገብ በታች ስሜት ማጣት ከተገኘ፣ የአከርካሪው ምስል ሳይዘገይ ሊነሣ ይገባል። የራስ ምስል ብቻ አንሥቶ «ምንም የለም» ማለት ገንዘብ ከማባከኑም በላይ፣ ሊድን ይችል የነበረውን እግር ጊዜ ያሳጣዋል።

እንግዲህ በምርመራ መጠየቂያው ላይ «እግር አልሠራ አለ» ብሎ ከመተው ይልቅ፣ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ እየባሰ መሄድ አለመሄዱ፣ በሽተኛው ምን ሲመገብ እንደ ኖረና የስሜቱ ወሰን የት እንደሆነ ሊሰፍር ይገባል። ለጓያ ሽባነት እስከ ዛሬ ፈውስ አልተገኘለትም፤ ስለዚህ ስሙ ለበሽተኛው መሰጠት ያለበት ሊታከም የሚችለው ሁሉ ከተፈለገ በኋላ ነው።