የክሪኩ ጉድለትና የመካኒኩ እግር
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



በርካታ ዩኒየኖች ሥራ ሲጀምሩ ዋና ተግባራቸው ማዳበሪያ ማከፋፈልና የአባላትን ምርት መሰብሰብ ነበር። ዛሬ ትራክተር፣ ኮምባይነርና የጭነት መኪና ያላቸው ጥቂት አይደሉም። ማሽን ባለበት ጥገና አለ፤ ጥገና ባለበት ደግሞ ከባድ ብረት ወደ ላይ አንስቶ ከሥሩ የሚገባ ሰው አለ። ስለ ትራክተሩ ዋጋ በጠቅላላ ጉባኤ ብዙ ይባላል። ከሥሩ ስለሚተኛው ሰው ግን የሚነሳው አልፎ አልፎ ነው።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል። የእርሻ ወቅት ደርሷል፤ ገበሬው ተራ ይዞ ይጠብቃል፤ ትራክተሩ ተበላሽቶ ቆሟል። መካኒኩ ከዩኒየኑ መጋዘን የተሰጠውን ሃይድሮሊክ ክሪክ አስገብቶ ትራክተሩን አነሳ። የክሪኩ ጎሚኒ ያለቀ ስለነበር ዘይት ያንጠባጥባል። ከሥር የሚቆም የብረት ድጋፍም አልነበረም። ክሪኩ መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ ወረደ። የመካኒኩ እግር ከሥር ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በብዙ ቦታ የሚሰማው መልስ «ባለሙያ አይደለም እንዴ? ራሱ ማየት ነበረበት» የሚል ነው። ሕጉ ግን ከዚህ አይነሳም። አስቀድሞ የሚጠይቀው ሰውየው ለዩኒየኑ ምኑ እንደሆነ ነው።

መካኒኩ በዩኒየኑ አመራር ሥር ሆኖ በደመወዝ የሚሠራ ከሆነ የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሥራ ውል በቃልም ሊመሠረት ስለሚችል፣ «በቀን ሂሳብ የመጣ ነው፣ ደብዳቤ የለውም» የሚለው ክርክር ብቻውን አያዋጣም። በዚህ አዋጅ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሕክምናውን ይሸፍናል። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ዘላቂ የአካል ጉዳት ከሆነ የራሱ ክፍያ አለው። አሠሪው ጥፋት ካለበት ደግሞ፣ ለምሳሌ ክሪኩ እንደሚያፈስ እየታወቀ ከተሰጠ፣ ሠራተኛው ከዚህ በተጨማሪ በሌላው ሕግ ካሣ የመጠየቅ መብቱ የተጠበቀ ነው።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚድንባቸው ሁኔታዎች ጠባብ ናቸው። ሠራተኛው ራሱን ሆን ብሎ ከጎዳ፣ ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ፣ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ነው። እዚህ ላይ «በግልጽ» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ፣ ለመካኒኩ ያልተነበበለት ወረቀት መመሪያ ነው ብሎ ዳኛን ማሳመን ያስቸግራል። ድጋፍ ሳይገዙ «ያለ ድጋፍ አትግባ» ማለትም እንዲሁ ነው።

«ዕቃውን ከታወቀ ነጋዴ ነው የገዛነው» የሚል መከላከያም ይሰማል። ይህ ክርክር በእንግሊዝ አገር አንድ ጊዜ ረትቶ ነበር። በአንድ ፋብሪካ የሚሠራ የጥገና ሠራተኛ ጉድለት ካለበት መሣሪያ ተፈናጥሮ የወጣ ስንጣሪ ዓይኑን አጠፋው። የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ሰጪ አካልም እ.ኤ.አ. በ1959 አሠሪው መሣሪያውን ከታመነ አቅራቢ ስለገዛ አይጠየቅም ሲል ወሰነ። ነገር ግን ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ሕግ ውጤቱን ለወጠው። ሠራተኛው ከአሠሪው ይካሳል፤ ከአምራቹ ጋር የሚሟገተው አሠሪው ነው። ፋብሪካው የት እንዳለ የማያውቅ አንድ መካኒክ ባሕር ማዶ ሄዶ ይክሰስ ከማለት ይህ ይሻላል።

መካኒኩ የራሱ ጋራዥ ያለው፣ ለአንድ ጥገና የተጠራ ተቋራጭ ሲሆን መንገዱ ይለያል። በቅድሚያ የሚነበበው የጥገና ውሉ ነው። ከውል ውጭ ስላለው ኃላፊነት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይናገራል። በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው በቁጥር 2028 ካሣ ይከፍላል። የማሽን ወይም የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ደግሞ በቁጥር 2081 ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ክሪክ ማሽን ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እግሩ ላይ የወረደው ግን ትራክተሩ ነው። ተጎጂው በከፊል አጥፍቶ ከሆነ ካሣው በዚያው ልክ ሊቀነስ ይችላል። የተካነ መካኒክ ዘይት ሲንጠባጠብ እያየ ከገባ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም።

የአምራቹ ነገር በቁጥር 2085 ተመልክቷል። ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚሸጥ ሰው ዕቃው በተለመደው አገልግሎት ላይ እያለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሆኖም ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ አምራቹ ነፃ ይወጣል። ስለዚህ ውስጡ የተሰነጠቀ አዲስ ክሪክና ዘይቱ መሬት ላይ የሚታይ አሮጌ ክሪክ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የኋለኛውን ማንም ዝቅ ብሎ ቢያየው ያውቀዋል። አምራቹን ነፃ የሚያወጣው ይኸው በዓይን የሚታይ ዘይት ባለቤቱን የሚያስይዝ ማስረጃ ይሆናል። ዩኒየኑ ሲከፍል የሚከፈለው ደግሞ የአባላት ገንዘብ ነው።

አደጋው በደረሰ ማግሥት ክሪኩን ለብረት ገዢ መሸጥ ወይም ቶሎ ማስጠገን የተለመደ ስህተት ነው። ክሪኩ ካልተገኘ መካኒኩ ጉድለቱን ለማስረዳት ይቸገራል፤ ዩኒየኑም በበኩሉ አቅራቢውን ለመጠየቅ የሚይዘው ነገር ያጣል። ዕቃው እንዳለ ታሽጎ መቀመጥ፣ መቼና ከማን እንደተገዛ የሚያሳየው ደረሰኝ መገኘት፣ ለሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሣ ክስ የተሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በኩል ያለው ከዚህም ያጥራል። እግሩ እስኪድን፣ ሽማግሌ እስኪሰማ፣ ቦርዱ እስኪሰበሰብ ሲባል ይህ ጊዜ ያልፋል።