አንድ እጅ ለመረቡ፣ አንድ እጅ ለመቅዘፊያው

በጣና ሐይቅ ዳርቻ ለሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎችና ለወጣት አናጢዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር




ዛሬ የምናገርላት ዕቃ ከአንድ ክንድ ከስንዝር የማትበልጥ፣ ከአናጢ ቤት ቁርጥራጭ የምትሠራ ትንሽ የእጅ መቅዘፊያ ናት። ስለ እርስዋ ለመናገር የተነሣሁት ግን በልጅነቴ ካየሁት ነገር ነው።

አጎቴ በታንኳ ዓሣ ያሰግር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መረቡን እየሳበ ሳለ በጉልበቱ ላይ አጋድሞት የነበረው የቀርከሃ ዘንግ ተንሸራትቶ ውሃ ገባ። ሁለቱም እጆቹ በመረቡ ተይዘው ነበር። መረቡን ለቅቆ እጁን ሲዘረጋ ነፋሱ ታንኳይቱን ገፍቶ ከዘንጉ አራቃት። በእጁ የቀረችው ዓሣ የሚከትፍባት አጭር ጣውላ ብቻ ነበረች። እርስዋን ይዞ ጎንበስ ብሎ እየቀዘፈ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዳር ወጥቶ ሲጠብቀው፣ ከመሸ በኋላ ደረሰ። አናጢ ከሆንሁ በኋላ የመጀመሪያዋን የእጅ መቅዘፊያ የሠራሁት ያችን ጣውላ እያሰብሁ ነው።

እንደምታውቁት የደንገል ታንኳችን የሚቀዘፈው ግራና ቀኝ በሚመላለስ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉ ሁለት እጅ ይፈልጋል። አባቶቻችን ለመንገድ የመረጡት መሣሪያ ስለሆነ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን የሥራው ሁኔታ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1986 የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ሁለት የኔዘርላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች በጀመሩት የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም አማካይነት የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። የሞተር ጀልባ የጥቂቶች ሆኖ ቀረ፤ የናይሎን መረብ ግን ታንኳ ላይም ወጣ። እንግዲህ ብቻውን የሚያሰግር ሰው ረጅም መረብ መሳብ፣ ዓሣ መፍታትና ታንኳውን ከነፋስ ጋር ማመዛዘን በአንድ ጊዜ ይጠበቅበታል። መረቡ ተለወጠ፤ መቅዘፊያው ግን ሁለት እጅ እንደ ጠየቀ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በሌሎች አገሮች ካያክ በምትባል ጠባብ ጀልባ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች፣ በግራና በቀኝ የሚቀዘፈውን ረጅም መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው፣ በአንድ እጃቸው ዘንግና ክሩን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው አጭር መቅዘፊያ ያንቀሳቅሳሉ። አንዳንዶቹም ከጣውላ ፍራጅ ራሳቸው ጠርበው ይሠሯታል።

አሁን ወደ አጠቃቀሟ ልግባ። ምላስ የምለው ውሃውን የሚገፋውን ሰፊውን ክፍል ነው። በቀኝ በኩል ብቻ ስትቀዝፉ የታንኳይቱ ፊት ወደ ግራ ይዞራል። ይህን ለማቃናት በእያንዳንዱ ቅዘፋ መጨረሻ ላይ ምላሱን ጠምዘዝ አድርጋችሁ ውሃውን ከታንኳይቱ ጎን ወደ ውጭ ግፉት። ወደ መረቡ በጎን ለመጠጋት ደግሞ መቅዘፊያዋን ወደ መረቡ በኩል ራቅ አድርጋችሁ ከነከራችሁ በኋላ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ታንኳይቱ ሳትዞር ትጠጋለች። ወደ ፊት መሄዷን ለማቆም ውሃውን ሁለት ጊዜ ወደ ፊት መግፋት ይበቃል። መረብ ስትስቡ የታንኳይቱ ፊት ወደ ነፋሱ ይሁን። ጎኗን ለነፋስ ከሰጣችሁ ማዕበሉ ያናውጣችኋል፤ መረቡም ከሥር ይጠመጠማል።

ስለ አሠራሯ፣ ሠልጣኞች በጥሞና አድምጡኝ። መጀመሪያ እንጨቱን ምረጡ። ቀላል፣ ጉጥ የሌለው፣ ሥሩ ቀጥ ያለና በደንብ የደረቀ ይሁን። ዋንዛ ለዚህ እጅግ ይስማማል፤ ነገር ግን ለአንዲት መቅዘፊያ ዋንዛ አይቆረጥም። ዋንዛ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተጠበቁት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነበር። በርና አልጋ ከሚሠራበት ቤት የሚጣለው ቁርጥራጭ ይበቃናል። ባሕር ዛፍ ከባድ ነው፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ለቤት ዕቃ የተሠራ ተራ ኮምፔንሳቶ ደግሞ ውሃ ሲነካው ንብርብሩ ይላቀቃል።

ሁለተኛ፣ ልኩን ከሰው አትዋሱ። ታንኳችሁን ውሃ ላይ አኑሩ፤ እንደ ወትሮው ጭናችሁ ተቀመጡ፤ ክንዳችሁን ሳታጎነብሱ ወደ ጎን አውርዱ። ከመዳፋችሁ እስከ ውሃው ያለውን በገመድ ለኩ። በዚያ ላይ የምላሱን ርዝመት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ጨምሩ። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣች ስትሄድ ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ ልኩን አዲስ በሆነች ታንኳ ላይ ውሰዱት። አጭር የሆነች መቅዘፊያ ታጎነብሳለች፤ የሚያጎነብስ ሰው ደግሞ ሚዛኑን ይስታል።

ሦስተኛ፣ ቅርጹን አውጡ። 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ላይ መካከሉን በቀጥታ መስመር አስምሩ፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ እኩል እየለካችሁ ንድፉን ሣሉ። በመጋዝ ከቆረጣችሁ በኋላ የምላሱን ዳርና ዳር ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር አሳሱ፤ መካከሉን ግን እንደ ዓሣ ጀርባ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፤ ጥንካሬዋ ከዚያ ነው። እጀታውን ድብልብል አታድርጉት። እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆን፣ ጎህ ሳይቀድ በጨለማ እንኳ ምላሱ ወዴት እንደ ዞረ መዳፋችሁ ያውቀዋል። የእጀታው ጫፍ እርጥብ እጅ እንዳያዳልጠው ጉብ ይበል።

አራተኛ፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሷት። ለውበት ብዬ አይደለም። የናይሎን መረብ ትንሽ ስንጥር ካገኘ ይያዛል፤ አንድ የተያዘ ክር ሲጎተት ብዙ ዓይን ይቀዳል። ስለዚህ ምስማር አይግባባት፤ ቆርቆሮም አይጠቅለልባት። ካለሰለሳችሁ በኋላ የተልባ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቧት፤ በየመካከሉ በደንብ ትድረቅ። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ አትጣሉ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

በመጨረሻም በእጀታው ጫፍ ቀዳዳ አውጥታችሁ ገመድ እሰሩ። የገመዱ ሌላ ጫፍ ከታንኳይቱ ማሰሪያ ጋር ይያያዝ፤ በእጅ አንጓ ላይ ፈጽሞ አይታሰር። ከታንኳ የወደቀ ሰው እጁ በገመድ፣ እግሩ በመረብ ከተያዘ መዋኘት አይችልም። ገመዱም አንድ ክንድ ያህል ይበቃዋል፤ ሲረዝም እርሱ ራሱ ወጥመድ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ የማትችለውንም ልንገራችሁ። ትንሿ መቅዘፊያ የረጅሙን ዘንግ ቦታ አትወስድም። ርቆ ለመሄድ አትሆንም፤ ክንድም ፈጥኖ ይዝላል። የከሰዓት ነፋስ ሲበረታ አታሸንፈውም። እምቦጭ የዘጋውን ውሃ በእርስዋ እሰነጥቃለሁ ብላችሁ አትግቡ። አጎቴ በዚያች ጣውላ የተረፈው ከዳር ብዙ ሳይርቅ ስለነበረ ነው። ዘንጉ ያደርሳችኋል፣ ይመልሳችኋል፤ ትንሿ መቅዘፊያ በመረቡ ዘንድ ታቆያችኋለች፤ ዘንጉ ከጠፋም ባዶ እጃችሁን አትቀሩም። ይህንንም የምላችሁ መረቡን ልቀቅ ወይስ ዘንጉን ልያዝ የሚል ምርጫ ማንም እንዳይገጥመው ነው። መረብ የዓመት ገንዘብ ነው፤ ሰው በነፋስ ፊት መረቡን አልለቅም ብሎ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አናጢዎች ሆይ፣ እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ትሠራላችሁ። የመጀመሪያይቱን አብሯችሁ ለተመደበው ዓሣ አስጋሪ ስጡ፤ አንድ ሳምንት ይሥራባት። የት እንዳሳመመችው፣ መረቡ የት እንደ ያዛት፣ ረዝማ ወይም አጥራ እንደ ሆነ ጠይቁት። ሁለተኛይቱን በቃሉ መሠረት ሥሯት። ዓሣ አስጋሪዎችም እናንተን ላለማስቀየም ብለው ጥሩ ናት እንዳይሏችሁ እለምናቸዋለሁ።

ነገ ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ዳር ላይ እንገናኝ። መለኪያ ገመድ ይዛችሁ ኑ።