የተቆለፈው በርና የልጆቹ ጥያቄ
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአድባራት አስተዳዳሪዎች በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ስለሚካሄድ የትምህርት ጉዞ ነው። ስለ ጉዞ በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ እኔ ራሴ አብሬ ስለ ሄድኩበት አንድ ጉዞ ብናገር ይበልጥ የሚጠቅም መስሎ ታይቶኛል። የደብሩን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ በአመዛኙ የእኔ ስለ ሆነ የሌላውን ስም ማንሣት አያስፈልግም።

የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ዲሞክራሲ ተምረው ነበር። ትርጉሙን ብትጠይቋቸው በቃላቸው ይወጡታል። ይሁን እንጂ ምክር ቤት ምን እንደሚመስል፣ ሕግስ እንዴት እንደሚወጣ ያየ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። ስለዚህ መምህራቸውና እኔ ወደ አራት ኪሎ ልንወስዳቸው አሰብን።

አሳቡ ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሲቀርብ «ልጆቹን ፖለቲካ ውስጥ እንዳታስገቡብን» የሚል ስጋት ተነሣ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 90ም ትምህርት ከፖለቲካ ወገንተኛነት ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛል። እኛም ምክር ቤት እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት የትምህርት ቤት ሥራ መሆኑን፣ ማን ይመረጥ ብሎ መንገር ግን የእኛ ሥራ አለመሆኑን አስረድተን ፈቃድ አገኘን።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ስጋቱን ለማብረድ ስል ተማሪዎቹ ሊጠይቁ ያሰቡትን ሁሉ በጽሑፍ ተቀብዬ መረመርኩ። ማንንም የማያስከፉ አምስት ጥያቄዎችን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሰረዝኩ። አምስቱን የሚያነቡ ልጆች መረጥኩ፤ የቀሩትንም ጸጥ ብለው እንዲያዳምጡ አዘዝኩ። ዲሞክራሲን ሊማሩ የሚሄዱ ልጆችን አፍ ዘግቼ መውሰዴ በወቅቱ አልታየኝም።

በጉዞው ዕለት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጸሎት አድርሰን፣ ከዚያ ብዙም ወደማይርቀው፣ ባለ ሰዓት ግንቡ ወደሚገኝበት ወደ ምክር ቤቱ ግቢ ገባን። አስጎብኚው በትዕግሥት አስረዱን። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ እንደነበር፣ የሕግ መምሪያውንም አባላት ሕዝቡ ሳይሆን መኳንንቱና የአገር ሹማምንት ይመርጡ እንደነበር ነገሩን። ሕዝቡ የሕግ መምሪያ እንደራሴዎቹን ራሱ እንዲመርጥ የተፈቀደለት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነበር። ዛሬ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ለአምስት ዓመት ይመረጣሉ፤ ቁጥራቸውም ከ550 አይበልጥም፤ ከዚህም ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ይኖራቸዋል። ስብሰባው የሚሟላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። የጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙበት ያለ ፊርማቸው በሥራ ላይ ይውላል። ልጆቹ ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንድ ሰው ስላልፈረመ ብቻ የብዙዎች ውሳኔ እንደማይቀር ገብቷቸዋል።

አምስቱ ጥያቄዎች ተነበቡ፤ ተመለሱም። ከዚያ በኋላ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አነሣች። ዐይኔን ሳፈጥባት እያየችኝ እጇን አላወረደችም። ሲፈቀድላት ተነሥታ «የተመረጠው ሰው የመረጡትን ሰዎች ካልሰማ ምን ይደረጋል?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ፈገግ ብለው፣ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መደንገጉን ነገሯት። አመስግና ተቀመጠች።

ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ስንመለስ ግን አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ መጥታ «መምህር፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ቁልፍ የሚጠየቀው ከማን ነው?» አለችኝ።

አባቶቼ፣ ይህን መጸዳጃ ቤት ያሠራነው እኛ ነን። ሥራው ሲጠናቀቅ ፎቶግራፍ ያነሣሁትም፣ በሪፖርቴ ላይ «አገልግሎት መስጠት ጀምሯል» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ልጅቷ እንደነገረችኝ ግን ከምረቃው ጥቂት ቀናት በኋላ «እንግዳ ሲመጣ ቆሽሾ እንዳይታይ» ተብሎ ተቆልፏል። ቁልፉ በዘበኛው እጅ ነው፤ ሴቶቹ ልጆች ወንድ ዘበኛ ፊት ቆሞ ቁልፍ መለመን ስለሚያሳፍራቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ የሄደች ሁሉ ደግሞ አትመለስም። ወደ ቢሮዬ ገብቼ የሰረዝኳቸውን ጥያቄዎች አውጥቼ ሳያቸው ይኸው ጥያቄ በሦስት ልጆች እጅ ተጽፎ አገኘሁት። አንብቤዋለሁ ማለት ነው፤ አንብቤም ሰርዤዋለሁ።

ነገሩን ለኮሚቴው ሳቀርብ አንዳንዶች ተቆጡ። «ይኸው የፈራነው! ልጅ ሽማግሌን ሊከስስ ተማረ» ተባለ። በዚህ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የቆዩት ቄሰ ገበዝ ተነሡ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ መበለቶቻቸው በዕለት ዕለቱ እደላ ስለ ተዘነጉባቸው ወገኖች የተጻፈውን አስታወሱን። «ሐዋርያት ያጉረመረሙትን ዝም በሉ አላሉም፤ ሕዝቡን ሰብስበው መልካም ስም ያላቸውን ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ እንጂ። የዲቁና ማዕርግ የመጣው ከተሰማ አቤቱታ ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ዲያቆን ነኝና ንግግሩ ለማን እንደ ሆነ አልጠፋኝም።

ቁልፉ በማግሥቱ ለአንዲት ሴት መምህርት ተሰጠ፤ በሩም በትምህርት ሰዓት ክፍት እንዲሆን ተወሰነ። እኔም ሪፖርቴን አርሜ ላክሁ። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለቴ ግን አይደለም። ውኃው አሁንም አንዳንድ ቀን ይቋረጣል፤ ጽዳቱን የሚሠራ ሰው ደመወዝ ከየት እንደሚመጣም ገና አልተቋጨም። ነገር ግን ችግሩ ከተቆለፈ በር ጀርባ ወጥቶ በቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።

ከዚህ በመነሣት ለየደብራችሁ ሦስት አሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ ለጉዞ ስታዘጋጇቸው የልጆቹን ጥያቄ አትምረጡላቸው፤ አክብሮት ያለው አጠያየቅ አስተምሯቸው እንጂ። ሁለተኛ፣ አራት ኪሎ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው፤ የአውቶቡስ ወጪውም ከባድ ነው። የወረዳው ምክር ቤት ግን ለሁላችንም ቅርብ ነው፤ የበጀት ስብሰባውን እንዲከታተሉ በደብዳቤ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ከጉዞው ሲመለሱ የሚሰማቸው ያዘጋጁ። በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ተማሪዎችን ተቀብሎ ያዳምጥ፤ የጠየቁትም የተመለሰላቸውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም ይነበብላቸው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ሲወጣ ካህናትና ምእመናን በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው የደብራቸውን ጉዳይ እንዲመክሩ ተደንግጓል። ዛሬ እዚህ የተሰበሰባችሁትም በዚያው መሠረት የተመረጣችሁ ናችሁ። ነገ በወንበራችሁ የሚቀመጡት እነዚህ ልጆች ናቸው። አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ ለእነዚህ ልጆች ግን ባለመናገር የሚቀርባቸው የትምህርት ቀን ነው።

እያንዳንዳችሁ ወደ ደብራችሁ ስትመለሱ፣ እኛ ያሠራነው ወይም እናንተ ያሠራችሁት ቤት ሁሉ በሩ ክፍት መሆኑን በዐይናችሁ እንድታዩልኝ እለምናችኋለሁ። ተቆልፎ ካገኛችሁት፣ ሪፖርቱን ሳይሆን ልጆቹን ጠይቁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።